በጉባር ቀን የተሰጣ አንሶላ

በሳዑዲዋ ኾበር የነሐሴ ቀትር አስፋልቱን ያለሰልሰዋል። ቁልፍ መሬት ቢወድቅብህ በባዶ እጅህ አታነሳውም። እንዲህ ባለ አንድ ቀን፣ በፈረንጆች 2016፣ አል ሒዛም አል-አኽደር በሚባለው ሰፈር ከቪላዎቹ ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ ላይ መኪና አቁሜ አሠሪዬን ስጠብቅ፣ የጎረቤት ቤት ሠራተኛ በሁለት እጇ ሁለት ከረጢት ቆሻሻ ይዛ ከኋላ በር ወጣች። የቆሻሻ ገንዳው ከመንገዱ ማዶ ነው። መሐል ላይ ስትደርስ የአንድ እግሯ ነጠላ ጫማ ተበጠሰ። ከረጢቱን ብትጥለው ይበተናል፤ ብትቆም እግሯ ይጠበሳል። በአንድ እግሯ መንጠር ጀመረች።

በዚህ መሐል ከዚያው በር አንዲት ወጣት ብቅ አለች። ስልኳን እያየች ነበር የወጣችው። የለበሰችው፣ የተቀባችው፣ ሁሉ ነገሯ ከመስታወት ውስጥ አሁን የወጣ ይመስላል። ቀና ብላ ሠራተኛዋን አየቻትና ምንም ሳታስብ ከእግሯ ላይ የወርቅ ጌጥ ያለውን ጫማዋን አውልቃ፣ አንዱን አስከትላ ሌላውን፣ እንደ ኳስ በአስፋልቱ ላይ ገፍታ ላከችላት።

«ያላ ዙለይኻ! አድርጊው፣ አድርጊው!»

ከዚያ እሷ ራሷ ባዶ እግሯን ቀረች። «ኣኽ! ኣኽ!» እያለች፣ እየሳቀች፣ እየዘለለች ወደ በሩ ሮጠች። ሠራተኛዋም የወርቁን ጫማ አድርጋ፣ ቆሻሻዋን ይዛ፣ ቀስ ብላ ወደ ገንዳው ሄደች። እኔ መኪና ውስጥ ሆኜ ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

«ምን ያስቃል?» አለችኝ ሠራተኛዋ፣ በአማርኛ።

ሐበሻ መሆኗን ያን ጊዜ አወቅሁ። «እንደ ሙሽራ ነው የሄድሽው» አልኳት።

«እንግዲያው ሙሽራዋ ቆሻሻዋን ጥላ እስክትመለስ ሚዜው ዝም ይበል» አለችና የገንዳውን ክዳን ገፋችው።

እኔ ኑርዲን እባላለሁ፣ ከኮምቦልቻ ወዲያ የደጋን ልጅ ነኝ። ለአንዲት አሮጊት ሐጃ ሾፌር ሆኜ ወደዚያ ሰፈር ከመጣሁ ገና ወር አልሞላኝም ነበር። የምኖርባት የሾፌር ክፍል በሯ የሚከፈተው ወደዚያች የጀርባ መንገድ ነው። ስለዚህ ከዚያ ቀን በኋላ ያቺን ልጅ በየቀኑ ማለት ይቻላል አያታለሁ። ወንድና ሴት መንገድ ላይ ቆመው ሲያወሩ መታየት ግን ለሁለታችንም ሙሽኪላ ነው፣ ጣጣ ያመጣል። ስለዚህ ዘዴ አበጀን። እሷ የገንዳውን ክዳን ከፍታ ወደ ውስጥ ታወራለች፤ እኔ የመኪናውን መስታወት እየወለወልኩ እመልስላታለሁ። ለሚያየን አንዷ ከቆሻሻ ጋር የምትጣላ፣ አንዱ ከመስታወት ጋር የሚማከር ሁለት ዕብዶች ነበርን።

ዙለይኻ የመርሳ ልጅ መሆኗን ነገረችኝ። ወሎዬ ለወሎዬ ነን። ትንሽ ቆይታ ምግብ ታቀምሰኝ ጀመር። ከብሳ የሚሉትን ሥጋ ያለበት ሩዝ በፎይል ጠቅልላ በክፍሌ በር ደፍ ላይ ታስቀምጥልኛለች። ሰኞ የለም፣ ሐሙስ የለም፣ ቅዳሜ የለም። ረቡዕና ዓርብ ብቻ። እኔ ባደግሁበት ሰፈር እናቴ ረቡዕና ዓርብ ለክርስቲያን ጎረቤታችን የምትልከው ሽሮ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም፤ ይህን ለመረዳት ብዙ መማር አያስፈልግም። አንድ ዓርብ ፊቴን ወደ መስታወቱ እንዳደረግሁ፣

«ጾምሽን ይቀበልልሽ» አልኳት።

የገንዳው ክዳን ከእጇ አምልጦ ጓ አለ። ወደ በሩ ዞራ አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ማን ነገረዎት?»

«ከብሳው።»

ሳቀች፤ ቀጥሎ ግን አለቀሰች መሰለኝ፣ ፊቷን ስላላየሁ እርግጠኛ አይደለሁም። ታሪኳን የነገረችኝ በዚያ ሰሞን ነው፤ ቆሻሻ ልትጥል በወጣች ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየቆረሰች። እውነተኛ ስሟ ሙኒት ነው። አሥረኛ ክፍል ፈተና አልሆንላት ሲል አንድ ደላላ ለእናቷ «ጥሩ ቤት አለ፤ ግን ሙስሊም ነው የሚፈልጉት» አላቸው። ፓስፖርቱን ራሱ ጨርሶ አመጣው። አዲሱን ስሟን ያየችው ለጉዞ ስትነሳ ነው። በ2013 እዚህ ቤት ስትገባ ማዳም «ስምሽ ማነው?» ስትላት ለመመለስ ዘገየች፤ ማዳም ልጅቷ መስማት ያስቸግራታል ብላ ለአንድ ወር ያህል እየጮኸች ታናግራት ነበር። ማተቧን ከውስጥ ልብሷ ጠርዝ ጋር ሰፍታዋለች። ረመዳንን ከቤቱ ጋር ትጾማለች፤ የራሷንም ለብቻዋ ትጾማለች።

«ከመጣሁ ሙኒት ብሎ የጠራኝ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት» አለችኝ። «ስጸልይ እንኳ ስሜን ድምፅ አውጥቼ አልልም። ሴትዮዋ ትሰማለች።»

ሴትዮዋ የምትላት ቤቱን ነው። አባወራው፣ ወንድ ልጁ ሚሻሪ ስለሚባል አቡ ሚሻሪ የሚሉት ሰው፣ ቤቶችን በስልክ የሚታዘዙ የሚያደርግ ድርጅት አለው፤ የራሱ ቤት ደግሞ ማሳያው ነው። በሮቹ በጣት አሻራ ይከፈታሉ። መብራቱ ሰው ሲገባ ይበራል፣ ሲወጣ ይጠፋል። መጋረጃው በሰዓቱ ይዘጋል። አንዲት የማትታይ ሴት በእንግሊዝኛ «የኋላው በር ተከፍቷል፣ ዙለይኻ» ትላለች፤ ያችው ቃል ወዲያው አባወራው ስልክ ላይ ትደርሳለች። እንግዶች ከሪያድ፣ ከዱባይ እየመጡ ያዩታል። ከጥቂት ዓመት በኋላ እንዲህ ያሉ ቤቶች ብቻ ያሉበት ከተማ ይሠራል፣ ሌባ የለ፣ ቁልፍ የለ፣ ምስጢር የለ እያለ ያስረዳቸዋል።

«ደመወዝ የላት፣ እንቅልፍ የላት፣ ወሬ ብቻ» ትላለች ሙኒት። «እኔ አንድ ኩባያ ብሰብር ለመናገር እሷ ናት የምትቀድመኝ።»

ይሁን እንጂ ምስጢር በዚያ ቤት ሞልቶ ነበር። እንኳን በዚያ ቤት፣ በሰፈሩ ሁሉ። የባለጸጎቹ ልጆች ሁለት ሁለት ስልክ፣ ሁለት ሁለት ስም ነበራቸው፤ አንዱ ለቤተሰብ፣ አንዱ ለጓደኛ። ወንዶቹ መኪና ይዘው ከከተማ ወጥተው በአሸዋው ዳር ጎማ እያንሸራተቱ ይጫወታሉ፤ በዚያ የሞተም አለ። ሴቶቹ ከቤት የሚወጡት ከሾፌር ጋር ነው፤ ኮርኒሽ በሚሉት የባሕር ዳር መንገድ ካፌ ሆነው የሚያደርጉትን ግን ሾፌሩም አያውቅም። ሁሉም ያማሩ፣ ሁሉም የጠገቡ፣ ሁሉም ስልካቸው ድምፅ ባሰማ ቁጥር የሚደነግጡ ልጆች ነበሩ።

ጫማዋን የላከችው ልጅ ጀዋሂር ትባላለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ሚሻሪ ታላቅ ወንድሟ ነው።

በዚያው መኸር ሙኒት ሌላ ሆነች። ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ ሦስቴ ወደ ኋላዋ ታያለች። አንድ ዓርብ፣ «ጋሼ፣ ሌላ ሰው የደበቀውን መደበቅ ኃጢአት ነው?» አለችኝ።

«እንደ ነገሩ ነው።»

«መኪና ትነዳለች» አለች ወደ ገንዳው ውስጥ። «ጀዋሂር። የወንድሟን ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ እንደ ወንድ ራሷ ላይ ጉትራ አስራ።»

እጄ መስታወቱ ላይ ቀረ። በዚያን ጊዜ በዚህ አገር ለሴት መንዳት ክልክል ነበር። የተያዘች እንደሆነ ጣጣው ከእሷ አልፎ አባቷ ጋ ይደርሳል፤ የወንድ ልብስ ለብሳ ከተያዘች ደግሞ ወሬው በምሥራቁ ክፍለ ሀገር ሁሉ ይዳረሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አባትና እናት ዳማም ሄደው፣ አል ሙሐመዲያ ሰፈር ያለው የአባወራው አባት ቤት ምሳ ይበላሉ። ልጆቹ ፈተና አለብን ብለው ይቀራሉ። በፊት በር ቢወጡ ወዲያው አባትየው ስልክ ላይ ይደርሳል። ሙኒት ቆሻሻ ስትጥል ግን «የኋላው በር፣ ዙለይኻ» የሚለውን ማንም አያነበውም፤ በየቀኑ ያለ ነገር ነው። ስለዚህ እሷ በጣቷ ትከፍታለች፣ ሁለቱ ተከትለው ይወጣሉ። ከበሩ በላይ ያለችው ካሜራ ቀረች። ለእሷም መላ ተገኘ። ግቢው ውስጥ የልብስ ማስጫ ገመድ አለ፤ ሙኒት አንድ ትልቅ ነጭ አንሶላ ታሰጣለች፣ ካሜራዋ አንሶላ ብቻ ታያለች። ከተማውን ወጥተው ባዶው ሜዳ እስኪደርሱ ሚሻሪ ይነዳል፤ ከዚያ ጀዋሂር።

«ለምን እሺ አልሽ?» አልኳት።

«ጫማዋን የሰጠችኝ ቀን አይተዋል አይደል? እንዲያ ነች። ሳታስብ ነው የምትሰጠው። ስትለምነኝም እንደዚያው፣ ሳታስብ ነው። እምቢ ማለት አልቻልኩበትም።»

ከዚያ ወዲህ ዓርብ ሲመጣ እኔም ዕረፍት የለኝም። መጽሐፌን ገልጬ አንዱን መስመር ደጋግሜ አነባለሁ። ነጭ ቀሚስ የለበሱ ሁለት «ወንዶች» ከኋላ በር ወጥተው ሲያልፉ አንገቴን እደፋለሁ። አንደኛው ወንድ ሲራመድ ቀሚሱን እንደ ሴት አባያ ሰብሰብ አድርጎ ይይዛል። አላህ ሆይ፣ ይህን ሌላ ሰው እንዳያይ እላለሁ። ሙኒት እስኪመለሱ ድረስ የታጠበ ዕቃ እንደገና ታጥባለች።

በ2017 መጋቢት አንድ ዓርብ ጉባር ተነሣ። እዚህ ጉባር ሲነሣ ሰማዩ ቢጫ ይሆናል፤ ማዶ ያለው ግድግዳ ይጠፋል፤ ጥርስህ ውስጥ አሸዋ ታኝካለህ። ሙኒት በሁዳዴ ጾም ላይ ነበረች። የነገረችኝን ነው የምጽፈው።

«ዛሬ ይቅር» አለቻት ጀዋሂርን።

«ዛሬማ ነው የሚሻለው፤ ማንም አያየንም። ያላ፣ አንሶላው!»

ሁለቱም ያሰቡት ካሜራዋን ብቻ ነው። አንሶላው ተሰጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ልጆቹ ወጡ።

ዳማም ላይ ምሳው አልቆ አቡ ሚሻሪ ለወንድሞቹ ቤቱን በስልኩ ያሳያል። ይህ ሳሎኑ፣ ይህ በረንዳው፣ ይህ የኋላው በር። በቢጫው አቧራ ውስጥ አንድ ነጭ አንሶላ እየተገረፈ ይታያል። እሱ ምንም አልታየውም፤ ምስሉ መጥራቱን ነው የሚያወራው። ማዳም ግን በትከሻው በኩል አየችና ሻይዋን አስቀመጠች።

«በጉባር ልብስ የሚያሰጣ ማነው?» አለች።

«ሠራተኛሽ ናታ።»

«ዙለይኻ? አራት ዓመት አውቃታለሁ። ደመና ስታይ እንኳ ልብስ የምትሰበስብ ልጅ ናት። ይሄ አንሶላ ለመድረቅ አይደለም የተሰጣው።»

ያኔ አባትየው ያለፉትን ዓርቦች በስልኩ ወደ ኋላ እየመለሰ አየ። ዓርብ፣ አንሶላ። ዓርብ፣ አንሶላ። ዓርብ፣ አንሶላ። ሌላም ነገር አላሰበም፤ ሠራተኛዋ ወንድ ታስገባለች አለ። ዳማም እንደተቀመጠ በጣቱ የቤቱን በሮች ሁሉ ቆለፈ።

ሙኒት ወጥ ቤት ሳለች ሴትዮዋ መጀመሪያ በራሷ ድምፅ «ሁሉም በሮች ተቆልፈዋል» አለች። ቀጥሎ በአባወራው ድምፅ ተናገረች።

«ዙለይኻ። ከዚያ አትነቃነቂ። እየመጣን ነው።»

እኔ በክፍሌ በር ስንጥቅ አየሁ። የሚሻሪ መኪና በአቧራው ውስጥ መጥቶ ቆመ። ጀዋሂር በወንድ ልብሷ ወርዳ እንደ ሁልጊዜው በሩን አንኳኳች። አልከፈት አለ። እንደገና አንኳኳች። ሚሻሪም ሞከረ። ከላይ የልብስ ማጠቢያ ክፍሏ መስኮት ተከፈተ፤ በዚያ ቤት በእጅ የሚከፈተው እሱ ብቻ ነበር። ሙኒት አንገቷን አወጣች።

«አባትሽ ቆልፎታል! እየመጡ ነው!»

«ክፈቺ ዙለይኻ!»

«አልችልም አልኩሽ! እንኪ፣ ያዢ!» አባያና ሻሽ ከላይ ወረወረች። ነፋሱ አባያውን ወስዶ የኔ መኪና ላይ አሳረፈው። ጀዋሂር ሮጣ መጣች። ጉትራዋ ወርዶ ፀጉሯ ተፈትቷል፤ ከእኔ በር አንድ ክንድ አትርቅም። አላየችኝም። «በፊት በር ተመለሱ! ምግብ ልንገዛ ወጣን በሉ!» አለች ሙኒት ከላይ።

«አንቺስ?»

«እኔ አንሶላ ነው ያሰጣሁት! ሂጂ!»

ልጅቷ ቆማ ቀረች። ሚሻሪ «ኸላስ! በቃ ግቢ!» ብሎ ጎትቶ አስገባትና ሄዱ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ እነ አቡ ሚሻሪ ደረሱ። አባትየው መጀመሪያ የመጣው ወደ እኔ ነው። በሬን መታ።

«አንተ ሾፌር፣ ቀኑን ሙሉ እዚህ ነህ። ወደ ቤቴ ወንድ ሲገባ አይተሃል? በአላህ ይዤሃለሁ።»

«ወላሂ አቡ ሚሻሪ፣ ከልጅህ በቀር ወደ ቤትህ የገባ ወንድ አላየሁም» አልኩት። ውሸት አልነበረም። ዓይኔን አየኝ፣ አየኝና ሄደ።

ቤት ውስጥ የሆነውን ሙኒት ብዙ ጊዜ ነግራኛለች፤ ነግራኝም አትጨርስም። ሳሎን መሐል አቆሟት።

«ማነው?» ይላል አባትየው። «ስሙን ንገሪኝ። ስሙን ብቻ።»

«ዙለይኻ፣ ተናገሪ» ትላለች ማዳም፣ በልምምጥ። «ከነገርሽን የመውጫ ቪዛሽን፣ ኹሩጁን መትተን ወዳገርሽ እንልክሻለን። ካልነገርሽ ፖሊስ ነው።»

ምን ልትል? ፖሊስ ማለት ለእሷ እስር ማለት ነው። ፍተሻ ማለት ነው። ልብሷን ጠርዝ ለጠርዝ ማየት ማለት ነው። በሐሰት ስም የገባች፣ ወንድ የምታስገባ ክርስቲያን ልትባል ነው። አንድ ቃል ብትናገር ግን በጊዜ ከወጥመድ ያወጣቻትን ልጅ መልሳ ታስገባታለች። ይህን ሁሉ እያወጣች እያወረደች ዓይኗ ምንጣፉ ላይ ባለ አንድ አበባ ላይ ቀረ።

በፊት በር ልጆቹ ገቡ፣ የዶሮ ጥብስ ከረጢት ይዘው። ሚሻሪ ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቷል። ጀዋሂር አባያዋን አንገቷ ድረስ ቆልፋለች።

«ምን ሆናችሁ?» አለች።

«ምንም። ወደ ክፍልሽ ውጪ» አላት አባቷ። «ዙለይኻ ወንድ ታስገባ ነበር።»

ጀዋሂር ወደ ደረጃው ሄደች። ሙኒት እሰየው አለች በልቧ፤ ልጅቷ ተረፈች። ግን ልጅቷ ዞር ብላ ሳታያት ስትሄድ አንድ ነገር ተሰበረባት፤ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አላወቀችውም። አባትየው ስልኩን አንሥቶ ቁጥር መንካት ጀመረ። «ሻንጣሽን አምጪ፣ እዚሁ ይፈተሻል» አላት።

«ያ ባባ።»

ልጅቷ ደረጃው ግማሽ ላይ ቆማ ነበር። ተመልሳ ወረደች። የአባያዋን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታች። አባያው መሬት ወደቀ። ከሥሩ የሚሻሪ ቀሚስ፣ ከአንገቱ እስከ ጫፉ ቢጫ አቧራ። ከቦርሳዋ ቀዩን ጉትራ አወጣችና ራሷ ላይ ጣል አደረገችው።

«የምትፈልገው ወንድ እኔ ነኝ» አለች። «ዓርብ ዓርብ የምወጣው እኔ ነኝ። መኪና እነዳለሁ። እሷ በር ብቻ ነው የከፈተችልኝ፣ እኔ ነኝ ያስገደድኳት።»

 በዚህ መሐል የማትታየዋ ሴትዮ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ «የፊት በር ተከፍቷል፣ ሚሻሪ» አለች። ልጁ ከነዶሮው ሊያመልጥ ነበር።

ማዳም መጀመሪያ ሳቀች። አንዴ ነው፣ ሳታስበው አመለጣት፤ ቀጥሎ ፊቷን ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። አቡ ሚሻሪ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋው። «ማን አያችሁ?» ብቻ አለ።

«ማንም» አለች ጀዋሂር።

እኔ አይቼ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ እስከ ዛሬ ለሰው አላወራሁም። ዛሬም የምጽፈው ልጆቹን በእውነተኛ ስማቸው አይደለም።

ሙኒት ወደ ፖሊስ አልሄደችም፤ ሻንጣዋም አልተፈተሸም። የሚሻሪ መኪና ተሸጠ። የጀዋሂር ሁለቱም ስልኮች ተወሰዱ። የልብስ ማስጫው ገመድ ጣሪያ ላይ ወጣ። አባትየው ለወራት ልጁን አላናገራትም አሉ፤ ግን አልመታትም፣ ለዘመድም አላወራም። በዚያው ዓመት መስከረም ሴቶች ሊነዱ ነው የሚለው አዋጅ በቴሌቪዥን ሲነገር አራቱም ሳሎን ነበሩ። ሙኒት ሻይ እያቀረበች ነበር። አቡ ሚሻሪ ወደ ልጁ ዞረ።

«ወንድምሽ ያቺን መኪና ወደ ኋላ መንዳት አስተማረሽ ወይስ ወደፊት ብቻ?» አላት።

«ወደ ኋላም» አለች።

«እንግዲያው ፈቃድ እስክታገኚ ወደፊትም ወደ ኋላም አትነጂም» አለና ሻዩን ጠጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያናግራት ጀመር።

በቀጣዩ ዓመት መንጃ ፈቃዷን አገኘች። መጀመሪያ ከጎኗ አባቷ ተቀመጠ። ሁለተኛዋ ሙኒት ናት። ኮርኒሹን ሁለቴ ዞሩ። እኔ ሐጃን ይዤ አጠገባቸው መብራት ላይ ቆሜ ነበር። ሙኒት በመስኮት አየችኝና፣ እንደ ሙሽራ፣ እጇን በቀስታ አነሣችልኝ። ሐጃ «ማናት ይቺ?» ሲሉኝ «የአገሬ ልጅ» አልኳቸው።

ይህን ያህል ከተሟላ ሰው ያርፋል ትላለህ። ሙኒት ግን አላረፈችም። ከዚያ ዓርብ ጀምሮ አንድ ነገር ያንገበግባት እንደነበር አውቃለሁ። ክዳኑን ትከፍታለች፣ ልትናገር ትልና ትዘጋዋለች። በ2019 ኹሩጇ ተመታ። እናቷ አርጅተዋል፤ እሷም በቃኝ አለች። ጀዋሂር አየር ማረፊያ ድረስ እኔ ነኝ የምነዳት ብላ ቤቱን አስቸግራ አስፈቀደች። ከመሄዷ በፊት በነበረው ከሰዓት ሙኒት ለመጨረሻ ጊዜ ቆሻሻ ይዛ ወጣች። ከረጢቷ ባዶ መሆኑን ከአያያዟ አወቅሁ። በዚያ ቀን ወደ ገንዳው አልዞረችም፤ ወደ እኔ ነው የዞረችው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት።»

«ምን ችግር አለው።»

«ያን ቀን ደረጃው ላይ ሆና የተመለሰችው ለዙለይኻ ነው» አለች። «ዙለይኻ ብላ ነው የወረደችው። አባያዋን የፈታችው ለዙለይኻ ነው። እኔ ደግሞ አጠገቧ ቆሜ የሌላ ሰው ውለታ የምቀበል መስሎኝ ነበር። እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው የሚሰማኝ። እሷ ያላትን ሁሉ በሰው ፊት አወለቀች። እኔ አንድ ቃል አላወለቅሁላትም።»

«ራስሽ ንገሪያት እንጂ። አንድ መኪና ውስጥ ናችሁ።»

«ፈራሁ። ኢሚግሬሽኑን ሳላልፍ አልችልም። ደግሞ ዓይኗን እያየሁ... አልችልም።» መሐረቧን አስተካከለች፣ እንደገና ፈታችው። «ልትቆጣ ትችላለች። ስድስት ዓመት ዋሽታኛለች ብትል እውነቷን ነው። ግን እሷ እንደሆነች ሳታስብ ትሰጥ የለ? ምናልባት ይህንንም ሳታስብ ይቅር ትለኝ ይሆናል።»

እኔ ጨርቄን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

«እርስዎ እዚህ ይቀራሉ፣ በየቀኑ በዚህ ታልፋለች። አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ይንገሩልኝ። በስልክ አይደለም፤ ስልክ ያስቀምጣል፣ ሴትዮዋም ትሰማለች። እዚህ መንገድ ላይ፣ በአፍዎ። ክርስቲያን መሆኔን ይንገሯት፣ የመርሳ ልጅ መሆኔን ይንገሯት። ስሜን ሦስቴ ያስብሏት፣ አጥርታ እንድትይዘው። ሙኒት ይበሏት። ይነግሩልኛል፣ ጋሼ?»